ጓይላ ውስጥ ቫዮሊን ምን ይሠራል?

ክራር ሲመታ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይወጣና ወዲያው መክሰም ይጀምራል። ተጫዋቹ ምንም ቢጠበብ ያንን ድምፅ ይዞ ማቆየት አይችልም፤ ደግሞ መምታት ነው ያለው ምርጫ። ከበሮም እንዲሁ ነው፣ ጭብጨባ ደግሞ ከሁሉም ያጥራል። ጥር ገብቶ መቀሌ ውስጥ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ በየዳሱና በየአዳራሹ የሚረገጠው የትግርኛ ጭፈራ ጓይላ በአብዛኛው የተሠራው ከእነዚህ ቶሎ አላፊ ድምፆች ነው። ጉልበቱም ያለው እዚያው ነው። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል የሚቀረው ክፍተት የእግርና የትከሻ ነው፤ ድምፅ ሁሉ ቢረዝምና ቢደራረብ ኖሮ ክቡን የሚዞረው ሰው እግሩን የት ያሳርፍ ነበር?

ከዚህ ሁሉ መሐል እንደተፈለገ መርዘም የሚችሉት የሰው ጉሮሮና ጭራ ዋጣ ናቸው። ጭራ ዋጣ በአማርኛ ማሲንቆ የምንለው ነው። ጉሮሮም ቢሆን ትንፋሽ ያልቅበታል። ጭራ ዋጣ ግን ቀስቱ አንድ ጫፍ ላይ ሲደርስ አቅጣጫውን ለውጦ ይቀጥላል፤ እጅ እስካልደከመ ድምፁ አለ።

በዚህ ምዕራፍ የምሟገትለት ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። የዛሬ ድምፃውያን ዘፈናቸው ውስጥ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ትራምፔት ወይም ሳክስፎን እንዲገባላቸው ሲፈልጉ ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ። አንዱ ዘፈኑ «ክብደት» እንዲያገኝ ነው፣ ሌላው ፊልም እንዲመስል ነው፣ ሌላው ደግሞ ውጭ አገር ያለው አድማጭ እንዲወደው ነው። ሁሉም እውነትነት አለው። ከሥራቸው ያለው ግን ከዘፋኙ ድምፅ ጎን የሚቆይ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ቦታውን የሚጠብቅለት ድምፅ ማግኘት ነው። ኦርኬስትራ በዓለም ሁሉ ለታዋቂ ሙዚቃ የሸጠው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ትግራይ ውስጥ ነገሩን የተለየ የሚያደርገው ደግሞ ቦታው ባዶ አለመሆኑ ነው። ጭራ ዋጣ ቀድሞ ተቀምጦበታል።

እስቲ ቀስቱን ቀረብ ብለን እንየው። በሙጫ የታሸው የፈረስ ጭራ ክሩን ይነክሰውና ከራሱ ጋር ትንሽ ይወስደዋል። ክሩ ውጥረቱ ሲበዛበት ያመልጣል፤ ሳይውል ሳያድር ደግሞ ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ ውስጥ በመቶ በሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። የቫዮሊን የላ ክር 440 ጊዜ ይያዛል፣ 440 ጊዜ ያመልጣል፤ እኛ የምንሰማው ያንን ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚርገበገበውን ክር በማይክሮስኮፕ እያየ ይህን እንቅስቃሴ ገልጾታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፊዚክሱ ለቫዮሊንና ለጭራ ዋጣ አንድ ነው። ልዩነቱ ቫዮሊን አራት ክርና የእንጨት ገላ ሲኖረው፣ ጭራ ዋጣ ከፈረስ ጭራ የተገመደች አንዲት ክርና በቆዳ የተለበጠ ሣጥን አለው። ጭራ በጭራ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ሻካራነት፣ ከቆዳው የሚወጣው ትንሽ የአፍንጫ ቃና፣ ከዚያ የመጣ ነው።

የጭራ ዋጣ ተጫዋች የግራ እጁን ጣቶች ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ክሩን አንገቱ ላይ አጥብቆ አይጫነውም፤ ክሩ አየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይነካዋል። ጊታር ላይ እንዳለው የድምፅ ደረጃን የሚወስን ብረትም የለበትም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ መንገዱን ሁሉ ያሰማል። ቫዮሊንም ያው ነው፤ ጣት ሲንሸራተት ድምፁ አብሮ ይንሸራተታል። የሰው ድምፅ የሚያለቅሰውና የሚያባብለው በዚህ መንሸራተት ስለሆነ፣ ጆሯችን እነዚህን መሣሪያዎች ከሰው ተርታ ቢያስቀምጣቸው አይደንቅም።

ብዛት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አሥር ቫዮሊን ከአንድ ቫዮሊን አሥር እጥፍ ጮኾ አይሰማም። የድምፁ ኃይል በእርግጥ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ በመለኪያው ጭማሪው 10 ዴሲቤል ነው። የሰው ጆሮ ግን ይህን የሚቆጥረው ወደ ሁለት እጥፍ አካባቢ አድርጎ ነው። ታዲያ ለዘጠኝ ተጨማሪ ሰው ለምን ይከፈላል? አሥሩ ሰዎች አንድ ኖታ ሲጫወቱ መቼም ፍጹም አንድ ስለማይሆኑ ነው። አንዱ በጣም በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ ይላል፣ የአንዱ ቀስት በቅጽበት ይቀድማል። እነዚህ ጥቃቅን አለመገጣጠሞች ተደምረው የአንድ ሰው ያልሆነ፣ ሰፊና ለስላሳ ድምፅ ይፈጥራሉ። መቀሌ ላይ ይህን ለማወቅ ኮንሰርት አዳራሽ መግባት አያስፈልግም። ነሐሴ 16 ቀን አሸንዳ ሲጀምር ልጃገረዶቹ በቡድን ሆነው አቀንቃኟን ሲቀበሏት የሚሰማው ያ ነው። አቀንቃኟ ሰው ናት፣ ስሟ ይታወቃል፣ ድምፅዋ ይለያል፤ ተቀባዮቹ ግን የማንም ያልሆነ አንድ ትልቅ ድምፅ ይሆናሉ። የቫዮሊን ክፍል ለዘፋኝ የሚሠራለት የተቀባዮችን ሥራ ነው።

ኦርኬስትራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን በቫዮሊን አይደለም፤ በነሐስ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ለአፄ ምኒልክ የመጡት የትንፋሽ መሣሪያዎች መንገዱን ከፈቱ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች «አርባ ልጆች» ተብለው ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድም ሆኑ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ። ፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል፤ ቀድሞ ካይሮ ላይ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ቫዮሊን ያስተማረ ሰው ነው። እማሆይ ግን ዓለም ያወቃቸው በፒያኖ ነው።

ቫዮሊን ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት ተራ ነው። ሰልፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ አቧራ ላይ ትራምፔት ይችላል፤ ቫዮሊን አይችልም። ትራምፔት አደባባይ ሙሉ ሕዝብ ይሰማዋል፤ አንድ ቫዮሊን ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ይጠፋል። ወታደር ቤት ደግሞ የሚፈልገው የሚሰማ ነገር ነው። ስለዚህ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የአዲስ አበባ ዘፈን ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን ይዞ አደገ፤ እስከ ዛሬ የምንናፍቀው ድምፅም እሱ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ በምንለው፣ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን የአገሩን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራና ለመዘምራን ሲያቀናብር ከባዱን ጥያቄ ያነሣው እሱ ነበር። ወደዚያ ጥያቄ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ጌታቸው መኩሪያን ማለፍ አይቻልም። ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያሸጋገረ እሱ ነው። ሳክስፎን በትንፋሽ ይጮኻል፣ ይንሸራተታል፣ ይሰበራል፤ ጌታቸው ያገኘው መሣሪያ ሰው ሆኖ መፎከር የሚችል ነበር። የባዕድ መሣሪያ የአገር ሰው የሚሆነው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፦ አገሬው አስቀድሞ በድምፁ ያደርገው የነበረውን ነገር ማድረግ ሲችል።

መቀሌ እንዲህ ያለ የቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ መቀመጫ አልነበረችም። ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ በ1870ዎቹ የሠራው የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት አሁንም ከተማዋ ውስጥ ቆሟል። በዚያ ዘመን የመሳፍንት ክብር የሚሰማው በነጋሪት፣ በመለከትና በእምቢልታ ነበር። የሹም ማዕረግ ከነጋሪቱ ቁጥር ይታወቅ ነበር። እምቢልታ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ ኦርኬስትራ ከሚያስተምሩን ነገሮች ሁሉ እሱን የሚያህል አላውቅምና። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አንዱ እምቢልታ ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አይሰጥም። ዜማ የሚወጣው ነፊዎቹ ተራ እየጠበቁ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየገባ፣ የየድርሻቸውን ድምፅ ሲጥሉ ነው። ከመካከላቸው ዜማውን ብቻውን መጫወት የሚችል የለም። ሞዛርትን ሰምቶ የማያውቅ የትግራይ አዛውንት የኦርኬስትራን ዋና ሕግ ከልጅነቱ ጀምሮ በበዓል ቀን ሲያይ ኖሯል። እንዲሁም ረጅም የትንፋሽ ድምፅ ሲሰማ ትልቅ ሰው ወይም ትልቅ ቀን እየመጣ መሆኑን ያውቃል። ዛሬ አንድ ዘፈን በቫዮሊንና በቀንድ መሰል ድምፆች ሲከፈት አድማጩ ቀና የሚለው ከሆሊውድ ፊልም ብቻ ተምሮ ነው ማለት አይቻልም።

መቀሌን ታዲያ ዘመናዊው ኦርኬስትራ ያገኛት በአየር ነው፤ በሬዲዮ፣ ቀጥሎ በካሴት። ከአዲስ አበባ የነሐስ መሣሪያው ድምፅ መጣ፣ ከአስመራ የጊታርና የኤሌክትሪክ ክራር። ኪሮስ አለማየሁ የትግርኛን ዘፈን በባንድ ታጅቦ ትግርኛ ለማይሰማው ሕዝብ ሁሉ ሲያደርስ፣ ክራሩና ዘመናዊው ባንድ አንድ ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ጥያቄ የሌለው ነገር ሆነ። ከምዕራብ በኩል ደግሞ ሱዳን አለች፤ ስለ ቫዮሊን ሲነሣ ከሁሉም የምትበልጥብኝ እሷ ናት።

የኦምዱርማን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ ሲጀምር የሱዳን ዘፋኞች አጃቢ አገኙ፤ በጊዜ ሂደትም ያ አጃቢ በቫዮሊን ረድፍ፣ በአኮርዲዮንና በቦንጎ የተሞላ ሆነ። የሱዳን ዜማ እንደ እኛ ባለ አምስት ድምፅ ነው። ሱዳናዊው ዘፋኝ መሐመድ ዋርዲ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ አገር ልጅ የሚወደደው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርትም በአልበም የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ የትግራይ ሰው ተሰዶ ሱዳን ኖሯል፤ ሲመለስ ጆሮውንም ይዞ ተመለሰ። የእነዚያ ቫዮሊኖች ሥራ ግን አውሮፓ ውስጥ ከሚሠሩት ይለያል። አንዱ ሌላውን እያጀበ፣ አንዱ ላይ ሌላው ታች እየሆነ አይደራረብም። ሁሉም አንድ ላይ፣ አንዲቷን ዜማ፣ ዘፋኙ ያለውን ተቀብለው ይደግሙታል። ካይሮ ላይ የዘፋኟ የኡም ኩልሱም ቫዮሊኖችና ቼሎዎችም ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው። የአሸንዳ ልጃገረዶችም ሌላ አያደርጉም።

አሁን ነርሲስ ናልባንድያን ወደተጋፈጠው ጥያቄ እንመለስ፤ የአምስት ድምፅ ዜማ ሥር ምን ይደረጋል? የትዝታ ቅኝትን በሜጀሩ እንውሰድ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የአውሮፓ ስምምነት ድምፆችን አንድ እየዘለለ ሦስት ሦስት አድርጎ ይቆልላቸዋል። ከነዚህ አምስት ድምፆች በዚህ መንገድ ሙሉ ሆነው የሚወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። ሌላ ለመጨመር ፋን ወይም ሲን ከውጭ ማስገባት ግድ ነው። ያኔ ሥሩ ሌላ አገር፣ ላዩ ሌላ አገር ይሆናል። ዜማው ሳይነካ እንኳ ቃናው ይቀየራል፤ አድማጭ ምን እንደተለወጠ ሳያውቅ «ፈረንጅ ፈረንጅ አለኝ» ይላል። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ-ጃዝን ሲሠራ የተጠበበው በዚህ ላይ ነው፤ ባለ አምስቱን ዜማ በአሥራ ሁለቱ የምዕራብ ድምፆች ሥር ሲያኖር ባለ አምስቱ እንዳይዋጥ። አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ «እረኛው ባለዋሽንት» በተባለው የኦርኬስትራ ድርሰቱ የዋሽንትን ዓለም ወደ ኦርኬስትራ አምጥቷል። ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲመሠረት ተቃራኒውን መንገድ ይዟል፤ ቫዮሊን ከማምጣት ይልቅ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንትና እምቢልታን አንድ መድረክ ላይ አስቀመጠ። እያንዳንዳቸው ከየአካባቢው የመጡ፣ ከዚያ በፊት አብረው የመጫወት ልማድ ያልነበራቸው መሣሪያዎች ነበሩ።

ለትግርኛ ዘፈን የሚሻለው የቱ ነው ብባል የሱዳኑን መንገድ እመርጣለሁ። ጓይላ ሲፈጥን የስምምነት መቀያየር ያደናቅፈዋል፤ ከበሮው የሚጠይቀው አንድ መሬት ነው። ቫዮሊኖቹ ዜማውን ተቀብለው ቢደግሙ ወይም ዶና ሶልን ብቻ ይዘው ቢቆዩ ይበቃል።

የኪቦርድ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ መቀሌ ውስጥ ቫዮሊን ተብሎ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርድ ነውና። ታሪኩ ከእኛ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ ሜሎትሮን የሚባል መሣሪያ ተሠራ፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የተቀዳ ቴፕ ነበረው። የቫዮሊን ድምፅ ያለበትን ቁልፍ ሲጫኑት ቫዮሊኑ ይዘምራል፤ ግን ቴፑ ስምንት ሰከንድ ያህል ነው የሚሄደው፣ ከዚያ ያልቃል። የማያቋርጥ ድምፅ ፍለጋ የተሠራ መሣሪያ በስምንት ሰከንድ ማለቁ ያስቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሶሊና የሚባለው ኪቦርድ ይህን አስተካከለ፦ ድምፁን በኤሌክትሪክ ፈጠረውና ቅጂዎቹን በትንሽ በትንሹ አዛንፎ ደራረባቸው። አሥሩ ቫዮሊን ፍጹም ካለመሆናቸው የሚመጣውን ስፋት ማሽን አስመሰለው ማለት ነው። የዛሬዎቹ ኪቦርዶች ደግሞ እውነተኛ ቫዮሊን ቀድተው ይዘዋል፤ ያለ ገደብም ይቆያሉ።

የእኛም ሰዎች በዚህ ዘመን ውስጥ ነበሩ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ ባሳተመው አልበም አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር ብቻውን አዋህዷል። አኮርዲዮን ትንፋሽ ያለው፣ ሳንባውን እየሳበ ድምፁን የሚያረዝም መሣሪያ ነው።

የመቀሌ የሠርግ ኪቦርዲስት እጆች ሲታዩ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እየሠሩ ነው። ግራ እጁ በቫዮሊን ድምፅ ዶንና ሶልን ይዞ ይቆያል፤ ይህ ለዘፋኙ መቆሚያ ነው። ቀኝ እጁ የጭራ ዋጣን ወይም የክራርን ድምፅ መርጦ ዜማውን ይመልሳል። ኪቦርድ ግን መንሸራተት አይችልም፤ ቁልፎቹ ደረጃ ናቸው። ስለዚህ ከግራ ጠርዝ ያለችውን ፒች ቤንድ የምትባለውን ጎማ በአውራ ጣቱ እያንቀሳቀሰ ድምፁን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ይመልሰዋል። ጎበዙ ኪቦርዲስት ከመካከለኛው የሚለየው በዚህች ጎማ ነው ብል አላጋነንኩም። መካከለኛው ሁሉም ድምፅ ላይ ያወዛውዛታል፤ ጎበዙ ዘፋኙ ጉሮሮውን የሚያጥፍበትን ቦታ ጠብቆ አንድ ጊዜ ይነካትና ይተዋታል።

ይህን ሁሉ ኤሌክትሪክ ይሸከመዋል። በጦርነቱ ዘመን፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ መብራትና ስልክና ባንክ ሲቋረጥ ከኪቦርዱ ውስጥ ያለው ኦርኬስትራም አብሮ ተቋረጠ። ከበሮና ክራር ግን ሶኬት አይጠይቁም። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ ማለት የሌላ መጽሐፍ ሥራ ነው።

ወደ ስቱዲዮው እንግባ። በየዓመቱ አሸንዳ ሲቃረብ የሚወጡ አዳዲስ ዘፈኖችን ጆሮ ሰጥቶ የሰማ ሰው አንድ የተለመደ አካሄድ ያገኛል። መግቢያው በዝግታ በሚያርፉ ቫዮሊኖች ይከፈታል፤ ድምፃዊቷ ያለ ምት ትገባለች፤ ከዚያ ከበሮው ይጥልና ቫዮሊኖቹ ይሸሻሉ። አካሄዱ በራሱ ክፋት የለውም። ድምፃዊው ነፃ ሆኖ የሚገባበትን፣ በሠርግም ሆነ በአዝማሪ ቤት የነበረውን ቦታ ጭራ ዋጣ ይይዘው ነበር፤ አሁን ቫዮሊኑ ወረሰው። የሚያናድደኝ ቫዮሊኑ በስንፍና ሲገባ ነው። ድምፃዊው ደካማ ሲሆን፣ ግጥሙ ሲሳሳ፣ አቀናባሪው አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላዋል። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ ዘፈኑ ላይ ይዘረጋል፤ ጓይላም መርገጫ ክፍተቱን ያጣል። እንጀራ ላይ ወጡ እስኪፈስስ ድረስ እንደማፍሰስ ነው።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ፣ ምክንያቱም ተቃራኒውን ያሳያል። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1966 «ኤለኖር ሪግቢ»ን ሲቀዱ ጊታርም ከበሮም አልተጠቀሙም፤ አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላና ሁለት ቼሎ ብቻ። የድምፅ ባለሙያው ጄፍ ኤመሪክ ማይኩን ከክሩ አጠገብ አስጠጋው፤ ተጫዋቾቹ እስኪጨነቁና ወንበራቸውን ወደ ኋላ እስኪስቡ ድረስ። በዚህ ምክንያት የቀስቱ መናከስ ተሰማ፤ አቀናባሪው ጆርጅ ማርቲንም ረጃጅም ድምፅ ሳይሆን አጫጭር፣ የተቆረጡ ምቶች ጻፈላቸው። ቫዮሊኑ ከበሮ ሆነ። ለጓይላ ከዚህ የሚቀርብ የቫዮሊን አጻጻፍ አላውቅም፤ ከዋናው ምት ጋር የሚረግጥ፣ ክፍተቱን የሚያከብር ቀስት። ይህን መቀሌ ውስጥ ለመሞከር የሚያስፈልገው አራት ሰው ነው፤ ኪቦርዱ ግን አይሰጠውም፣ ማሽኑ የቀስቱን መናከስ በደንብ አያውቅምና።

ማይክን ወደ ክር ማስጠጋት ለጭራ ዋጣም ጠቅሞታል። ድሮ ከባንድ ጋር ሲጫወት ይዋጥ የነበረው መሣሪያ ዛሬ ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» በኤሌክትሮኒክ ዳንስ ምት መሐል የአገር መሣሪያዎችን ድምፅ ፊት ለፊት ሲያወጣ ወጣቱ አድማጭ አላፈረበትም። ቋንቋ የሚባለው የአዲስ አበባ ቡድን ደግሞ የበለጠ ግልጽ ፈተና አዘጋጅቷል፤ አሜሪካዊቷ ኬቴ ሆስቴተር ባለ አምስት ክር ቫዮሊን ይዛ ከእንድሪስ ሐሰን ማሲንቆ ጎን ትቆማለች። ሁለቱን አብሮ የሰማ ሰው የትኛው ለየትኛው እንደሚያደላ ያያል። ቫዮሊኑ ነው ወደ ማሲንቆው የሚጠጋው፤ መንሸራተቱን፣ ሻካራነቱን፣ በአንድ ክር ላይ መኖርን ይማርለታል። ማሲንቆው ወደ ቫዮሊን አይሄድም፤ መንገዱም የለውም፣ ክሩ አንድ ነውና።

ስለዚህ ቀረጻ ላይ ቅደም ተከተሉ ብዙ ነገር ይወስናል። የተለመደው አሠራር ከኪቦርድ መጀመር ነው፤ ምቱና ቫዮሊኑ በኮምፒውተር ይዘጋጃል፣ ሁሉም በ440 ልክ ይቃኛል፣ ጭራ ዋጣው መጨረሻ ላይ ለማጣፈጫ ይጠራል። ተጫዋቹ ስቱዲዮ ገብቶ መሣሪያውን እንደ ልማዱ ለድምፃዊው ጉሮሮ ቃኝቶ ያገኘዋል፣ ከቫዮሊኖቹ ጋር ግን አይገጥምም። ደግሞ ይቃኛል፤ የኪቦርዱ ሦስተኛ ድምፅና የእሱ ሦስተኛ ድምፅ ለጥቂት ይለያያሉ፣ የሚለያዩበትም ቦታ ዜማው የሚጣፍጥበት ነው። ባለሙያው በሶፍትዌር «ያስተካክለዋል»፤ መንሸራተቱ ይቆረጣል፣ ጭራ ዋጣው ኪቦርድ ይመስላል። በተቃራኒው ድምፃዊውና ጭራ ዋጣው ከከበሮው ጋር ቀድመው ቢቀዱ፣ ቫዮሊን ካለ እውነተኛው ቫዮሊን እነሱን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይከተላል፤ ጣቱ ነፃ ስለሆነ ያቺን ጥቂት ልዩነት ያገኛታል። ኪቦርድ ከሆነም ብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ውስጥ እያንዳንዱን ድምፅ ከ440 ልክ ለይቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሦስተኛው ድምፅ ከጭራ ዋጣው ጋር እስኪገጥም ዝቅ ወይም ከፍ ይደረጋል፤ ቫዮሊኑ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው።